ድድ ሲታመም ስለሚጠፋው አጥንትና ስለ ሕክምናው

በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ የሚኖር ማናቸውም ሰው ጥርሱን በሚፍቅበት ጊዜ ድዱ ቢደማ ነገሩን አቅልሎ መመልከት አይገባውም። ሕመም ስለሌለው ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ ወይም የሚደማውን ቦታ ላለመንካት ሲል ማጽዳቱን ይተዋል። ይህ ግን ለበሽታው በር መክፈት ነው።

ጥርስ የተተከለው በመንጋጋ አጥንት ውስጥ ነው። በጥርስና በድድ መካከል የሚከማቸው እድፍ በተሕዋስያን የተሞላ ሲሆን፥ ሳይጸዳ ሲቈይ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። በዚህ ጊዜ ድዱ ይቈጣል፤ ከጥርሱም እየለቀቀ ኪስ ይሠራል። በጤነኛ አፍ በድድና በጥርስ መካከል ያለው ስንጥቅ ከ3 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ቍጣው ወደ ውስጥ ሲዘልቅ አጥንቱ እየተበላ ይሄዳል፤ ጥርሱም አፈሩ እንደ ታጠበበት የአጥር ቋሚ መነቃነቅ ይጀምራል።

የጠፋው አጥንት በመፋቅ ብቻ አይመለስም። ሆኖም ሕክምና ከፊሉን መልሶ የሚያበቅልበትን መንገድ አግኝቷል። ቍስሉ በሚሽርበት ጊዜ የድድ ቆዳ ፈጥኖ ያድጋል፤ አጥንቱና ጥርስን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘው ጅማት ግን ዘግይተው ይበቅላሉ። ቆዳው ቀድሞ ከገባ እነዚህ ስፍራ ያጣሉ። ስለዚህ ስቱሬ ኒማን የተባለ ሊቅና ጓደኞቹ በስዊድን አገር፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1982 ዓ.ም.፥ ከብት ችግኝ እንዳይረግጥ በቀርከሃ እንደሚታጠር፥ ቆዳው እንዳይገባ ስስ ሽፋን በመካከል አኑረው በሰው ጥርስ ሥር ላይ አዲስ ማያያዣ መብቀሉን አስረዱ።

ዛሬ ሐኪሞች ከሽፋኑ ሌላ የአጥንት ፍርፋሪ፥ ወይም ገና ካልበቀለ የአሳማ ግልገል ጥርስ የሚወጣ መድኃኒት ያኖራሉ። ፍርፋሪው ከበሽተኛው ከራሱ፥ ከሌላ ሰው ወይም ከከብት ሊሆን ይችላልና፥ በሃይማኖቱ ምክንያት የሚጠነቀቅ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ነገር ግን ይህ ሕክምና ለሁሉ አይሆንም። በጥርሱ ዙሪያ ጠባብና ጥልቅ ጕድጓድ ተሠርቶ እንደሆነ ግድግዳው የተጨመረውን ይይዛል፤ አጥንቱ በሙሉ እንደ ተሸረሸረ ማሳ ዝቅ ብሎ እንደሆነ ግን የሚይዘው የለምና ውጤቱ አነስተኛ ነው። እንዲሁም ድንጋዩ አስቀድሞ ካልተጠረገና አፍ በየዕለቱ ካልጸዳ ድካሙ ከንቱ ይሆናል፤ ትንባሆ የሚያጨስ ሰው የሚያገኘውም ጥቅም ያነሰ ነው።

እንግዲህ መምህራን ለተማሪዎቻቸው፥ ወላጆችም ለልጆቻቸው፥ ጥርስን ጠዋትና ማታ በብሩሽ ወይም በንጹሕ የወይራ መፋቂያ እስከ ድዱ ጠርዝ ድረስ በዝግታ ማጽዳትን ያስተምሩ። ድዱ የሚደማ ወይም ጥርሱ የሚነቃነቅ ሰውም ለማስነቀል ከመቸኰል በፊት ለጥርስ ሐኪም ያሳይ። ያለውን አጥንት መጠበቅ የጠፋውን ከማስመለስ ይቀላልና።