በመቶኛ ሌባ አይያዝም

ልጆቻችሁ ድርሰት የሚያስገቡበትን፣ ኩረጃ የሚለየውን ተርኒቲንን ታውቁታላችሁ አይደል? የተፈጠረው እኮ እዚሁ ሰፈራችን፣ ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ነው! በ1990ዎቹ አጋማሽ (ዓመታቱን በፈረንጆቹ ልቁጠርላችሁ) ጆን ባሪ የተባለ የበርክሌይ የዶክትሬት ተማሪ፣ የሚያስተምራቸው ልጆች አንዱ የሌላውን ጽሑፍ እንዲተች ድረ ገጽ ከፈተ። ብዙም ሳይቆይ እዚያ የተለጠፈው ጽሑፍ እየተገለበጠ ለሌላ ክፍል እንደሚገባ ሰማ። ከዚህ ተነሥቶ በ1998 ከጓደኞቹ ጋር ኩባንያ አቋቋመ፤ መቀመጫውም ኦክላንድ ሆነ። በ2019 ኩባንያው የተሸጠው በ1.75 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ኩረጃ ስንቱን አበላ!

እኔን ያጓጓኝ ግን የትልልቆቹ ኩረጃ ነው። የምርምር ጆርናሎች ጽሑፍ አብዛኛው በክፍያ የሚነበብ ስለነበረ ተራ የኢንተርኔት ፍለጋ አይደርስበትም ነበር። ስለዚህ በ2008 ክሮስሬፍ የተባለው የአሳታሚዎች ማኅበር አባላቱ ጽሑፎቻቸውን ወደ አንድ ቋት እንዲያስገቡ አደረገ፤ ማመሳከሪያው ደግሞ አይተንቲኬት የሚባለው የኦክላንዱ ኩባንያ ፕሮግራም ሆነ። በዚያው ዓመት መጠቀም የጀመረ የቻይናው የዤጂያንግ ዩኒቨርሲቲ ጆርናል፣ ከገቡለት 2,233 ጽሑፎች 31 በመቶው ውስጥ የተገለበጠ ነገር ማግኘቱን በ2010 ኔቸር ላይ ሲያሳውቅ ብዙ አርታኢ ደነገጠ።

ማሽኑ እንዴት ያየዋል? ኩባንያዎቹ የራሳቸውን ቀመር አይነግሩንም፤ በግልጽ የታተመ አንድ መንገድ ግን አለ። በርክሌይ ሳለ አሌክስ አይከን በ1994 የኮምፒውተር ኮድ ኩረጃ የሚለይ ሞስ የተባለ ፕሮግራም ሠራ። (ዛሬ ያለው ስታንፎርድ ነው፤ የሳን ሆዜ ወዳጆቼ ደስ ይበላችሁ።) ጽሑፉ እየተደራረበ ወደ አጫጭር የፊደል ቁራጮች ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከዚያ በሰፌድ እንደማበጠር ነው፤ ከአጠገብ ለአጠገብ ቁጥሮች ትንሹ እየተመረጠ ሌላው ይጣላል። የቀሩት ጥቂት ቁጥሮች የጽሑፉ አሻራ ናቸው። የሁለት ጽሑፎች አሻራ ከገጠመ ፕሮግራሙ ቦታውን ያመለክታል።

እንግዲህ አስቡት፣ በአማርኛ ይህ ምን ያህል እንደሚያስቸግር! አንዱ «ዓለም» ሌላው «አለም»፣ አንዱ «ፀሐይ» ሌላው «ጸሀይ» ይጽፋል። አራት ነጥቡን በሁለት የእንግሊዝኛ ኮለን የሚተካም ሞልቷል። ለማሽኑ እነዚህ የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ ስለዚህ ሌባው ምንም ሳይለፋ የፊደል ምርጫው ብቻ ሊሸፍንለት ይችላል። ሞክሼ ፊደላቱን አስቀድሞ ወደ አንድ የማያመጣ ፕሮግራም ለአማርኛ ጆርናል ብዙም አይረባም።

ታዲያ «25 በመቶ ይመሳሰላል» ሲባል አርታኢው ምን ያድርግ? በመቶኛ ብቻ የሚፈርድ አርታኢ ሥራውን አልሠራም ባይ ነኝ። የዋቢ ዝርዝርና የተለመደ የላቦራቶሪ አሠራር መግለጫ ቁጥሩን በቀላሉ ያንረዋል። በሌላ በኩል 4 በመቶው አንድ አንቀጽ ሆኖ፣ ያ አንቀጽ የሰው ግኝት ሊሆን ይችላል። ቋቱ ውስጥ የሌለውን ደግሞ ማሽኑ ከቶ አያየውም። የቦስተኑ ሐኪም ማይክል ዳንሲንገር የደረሰበትን ስሙ፤ አንድ ጆርናል ያልተቀበለውን ጽሑፉን ከገምጋሚዎቹ አንዱ በራሱ ስም ሌላ ቦታ አሳተመው። ዳንሲንገር በ2016 ለሌባው ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ፤ ስሙን ግን አልጠራውም። ያልታተመን ጽሑፍ ከምን ጋር ያስተያዩት?

ጥርጣሬ ሲነሣ ብዙ ጆርናሎች የሚከተሉት በ1997 የእንግሊዝ የሕክምና ጆርናል አርታኢዎች ያቋቋሙት ኮፕ የተባለው የኅትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴ ያወጣውን መመሪያ ነው። መጀመሪያ ማስረጃው ጎን ለጎን ተደርጎ ለደራሲው ይላካል፤ መልስም ይጠየቃል። ዝም ካለ ሌሎቹ ደራስያን፣ ከዚያም መሥሪያ ቤቱ ይጠየቃሉ። አጫጭር ሐረጎች ብቻ ከሆኑና የሰው ግኝት ካልተወሰደ፣ ደራሲው በራሱ ቃል እንዲጽፈው ወይም ምንጩን እንዲጠቅስ ይደረጋል። ሐረግ በመዋስና ግኝት በመስረቅ መካከል ያለው ይህ ልዩነት ለእኛ ሰዎች ትልቅ ነገር ነው። እንግሊዝኛን ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው አድርጎ የተማረ ሰው የሌላውን ዓረፍተ ነገር የሚዋሰው አንዳንዴ ሰዋስው ፈርቶ እንጂ ሐሳብ ሊሰርቅ አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ተመራማሪውን ከመቅጣታቸው በፊት በራስ ቃል መጻፍን ቢያስተምሩት፣ ከፕሮግራሙ ክፍያ የረከሰ መከላከያ ያገኛሉ።

የታተመ ጽሑፍ ስርቆት ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ይሻራል እንጂ አይጠፋም፤ ባለበት ቦታ «ተሽሯል» የሚል ምልክት ይደረግበትና ምክንያቱ ማንም በነጻ በሚያነበው ማስታወቂያ ይወጣል። ቢጠፋማ ቀደም ብለው የጠቀሱት ሰዎች ምን እንደጠቀሱ ማን ያውቃል? ሪትራክሽን ዎች የተባለው ድረ ገጽ ከ2010 ጀምሮ የተሻሩ ጽሑፎችን እየተከታተለ ይዘግባል፤ የመረጃ ቋቱን ክሮስሬፍ በ2023 ገዝቶ ለሁሉም በነጻ ከፍቶታል። መመረቂያ ጽሑፍ ላይ ያላችሁ፣ ዋቢዎቻችሁን አንድ በአንድ እዚያ አስገብታችሁ እዩ።