ሳጥኑ የእኛ፣ ድምፁስ የማን?

አንድ ሬዲዮ ገዝተን ቤት ስናስገባ በአንድ ዕቃ ውስጥ ሦስት ነገር እናስገባለን። የመጀመሪያው በእጃችን የምንይዘው ሳጥን ነው። ሁለተኛው በሳጥኑ ውስጥ ሆኖ «ይህን ክፈት፣ ያን ዝጋ» እያለ የሚያዘው ፕሮግራም፣ ማለትም ሶፍትዌሩ ነው። ሦስተኛው ከውጭ የሚመጣው ድምፅ ነው፤ ዜናው፣ ዘፈኑ፣ ጨዋታው። ደረሰኙ ላይ የሚጻፈው ዋጋ አንድ ቢሆንም በሕግ ፊት ሦስቱ ነገሮች የተለያየ ባለቤት አላቸው። ሳጥኑ የገዢው ነው። ሶፍትዌሩ አብዛኛውን ጊዜ የሠራው ድርጅት ንብረት ሆኖ ይቀራል፤ ለእኛ የሚሰጠን የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ነው። ድምፁ ደግሞ የደራሲው፣ የዘፋኙና የአሰራጩ ነው።

ይህን የምንጽፈው ለኮምፒውተር ተማሪዎች ብቻ አይደለም። እኛ የሶሻል ወርክ ተማሪዎች ነን፤ ብዙዎቻችንም ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ በመግባት የመጀመሪያዎቹ ነን። ስለዚህ በዕብራይስጥ የተጻፈ ውል በመጣ ቁጥር እናትም፣ አያትም፣ ጎረቤትም «እስቲ ይህን አንብቡልኝ» የሚሉት እኛን ነው። ማንበብ ቀላል ነው፤ ማስረዳት ነው የሚከብደው። «ፈቃድ ሰጥተንዎታል» የሚለው ቃል «ሸጠንልዎታል» ከሚለው በምን ይለያል? ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆን ታሪክ አለ፤ የጀመረውም አዲስ አበባ የተወለደ ሰው ነው።

ከሰማይ የሚወርድ ሬዲዮ

ኖህ ሳማራ ከኢትዮጵያዊት እናትና ከሱዳናዊ አባት አዲስ አበባ ተወለደ። አሜሪካ ሄዶ ሕግ ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ ወርልድስፔስ የተባለውን ድርጅት መሠረተ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፦ በአፍሪካ ጋዜጣም ኤፍ ኤምም በማይደርስበት ቦታ ያለ ሰው፣ ትንሽ ሬዲዮ ይዞ ከሳተላይት በቀጥታ ጥራት ያለው ድምፅ ይስማ የሚል። አፍሪስታር የተባለው ሳተላይቱ በጥቅምት 1998 ከፈረንሳይ ጉያና ተመነጠቀ። በቀጣዩ ዓመት በአፍሪካ ስርጭቱ ተጀመረ። በ2000 ደግሞ ኤሺያስታር ለእስያ ተከተለ። መቀበያዎቹን የሠሩት እንደ ሂታቺ፣ ፓናሶኒክ፣ ሳንዮና ጄቪሲ ያሉ ታዋቂ ኩባንያዎች ናቸው።

አፍሪስታር ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ በአንድ ስፍራ የቆመ ያህል ስለነበር፣ መቀበያው የሚፈልገው ያልተከለለ ሰማይና ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ የዞረች ትንሽ ጠፍጣፋ አንቴና ነበር። ሽፋኑም አፍሪካን፣ መካከለኛው ምሥራቅንና የአውሮፓን ከፊል ያካተተ ነው። ከአሽቀሎን ባሕር ዳርቻ ቆሞ ለሚቃኝ ሰው አቅጣጫው ወደ ደቡብ፣ ጥቂት ወደ ባሕሩ ዘንበል ያለ ይሆን ነበር።

በመጀመሪያ ብዙዎቹ ጣቢያዎች ያለ ወርኃዊ ክፍያ ይሰሙ ነበር። ኋላ ድርጅቱ ወደ ደንበኝነት ክፍያ ዞረ። እያንዳንዱ መቀበያ የራሱ መለያ ቁጥር ስለነበረው፣ የተቆለፉት ጣቢያዎች የሚከፈቱት ለከፈለው ደንበኛ ሬዲዮ ብቻ ነበር። ክፍያው ሲቋረጥ ያው ሬዲዮ፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ በዚያው ሰማይ ሥር እያለ ዝም ይላል።

ከዚያም የባሰው መጣ። ድርጅቱ በጥቅምት 2008 መክሰሩን ለፍርድ ቤት አሳወቀ፤ በ2009 መጨረሻ ደግሞ ለደንበኞች ይሰጥ የነበረው ስርጭት ቆመ። ሳተላይቱ ከሰማይ አልወደቀም፤ ሳማራ ራሱ ያዝሚ በሚባል ሌላ ድርጅት ለትምህርት ሊጠቀምበት ሞክሯል። በሰው ቤት የነበሩት መቀበያዎችም አልተሰበሩም። ግን ለአንድ ድርጅት ሥርዓት ብቻ የተሠሩ ስለነበሩ ያ ድርጅት ሲዘጋ የሳተላይት ክፍላቸው የሚሰማው አጣ። ከኤፍ ኤም ጋር እናወዳድረው። የኤፍ ኤም ሬዲዮ ከ50 ዓመት በፊት የተሠራም ቢሆን ዛሬ ማንም ጣቢያ ቢያሰራጭ ይሰማል። በዚህ አገር የካን ሬካን የአማርኛ ዝግጅት በኤፍ ኤም ለመስማት ማንም የይለፍ ቁጥር አይጠይቀንም።

የፓርኩ ትኬት

ፈቃድ ማለት ምን እንደሆነ ለቤተሰብ ስናስረዳ የሚቀለን ምሳሌ አሽቀሎን ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ብዙ ቤተሰቦቻችን ስለሚያውቁት። በር ላይ እንከፍላለን፤ ወይም በዕብራይስጥ ማኑይ የምንለውን የዓመት ደንበኝነት እናሳያለን። ከዚያ ዛፍ ሥር እንቀመጣለን፣ ሥጋ እንጠብሳለን፣ ልጆቹ 3,800 ዓመት ገደማ ያስቆጠረውን የከነዓናውያን በር ያያሉ፣ ባሕር እንወርዳለን። ግን የከፈልነው ለመግባት እንጂ መሬቱን ለመግዛት አይደለም። ጡብ ነቅለን አንሄድም፤ የመዝጊያ ሰዓት ሲደርስ እንወጣለን። የዓመቱ ደንበኝነት ሲያልቅም በሩ ላይ እንደገና ይጠየቃል። ይህ ሁሉ ቅር አይለንም፤ ትኬት መሆኑን ስናውቅ ነው የገዛነው።

ይዘን የገባነው ምግብ፣ ምንጣፉና ያነሣነው ፎቶግራፍ ግን የእኛ ነው። ችግሩ የሚመጣው ትኬቱ እንደ ሽያጭ ሲቀርብልን፣ ወይም በሩ ሲዘጋ የእኛ ቅርጫት ውስጥ ሲቀር ነው። የሳተላይት ሬዲዮው ገዢ የሆነበትም ይኸው ነው፦ የገዛው መቀበያ በእጁ ቀረ፤ መግቢያው ግን ተዘጋ።

የቀዳነውስ?

ቅርጫት ውስጥ መቅረት በአሜሪካም ታይቷል። በ2006 ኤክስ ኤም የተባለው የሳተላይት ሬዲዮ ድርጅት ኢኖ የሚባል፣ ፓዮኒር የሠራው፣ በኪስ የሚያዝ መቀበያ አወጣ። አድማጩ ከስርጭቱ እስከ 50 ሰዓት የሚደርስ መቅዳትና በፈለገ ጊዜ ማዳመጥ ይችላል። በግንቦት 2006 ትልልቆቹ የሙዚቃ አሳታሚዎች ኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ከሰሱት። «ፈቃድ የሰጠንህ እንድታሰራጭ እንጂ ዘፈን እንድታከፋፍል አይደለም» ነው ክርክራቸው። ኤክስ ኤም በበኩሉ ሰው ቤቱ ውስጥ በካሴት እንደሚቀዳው ነው፣ ሕጉም ይፈቅዳል አለ። ዳኛዋ በጥር 2007 ክሱ ይቀጥል ብላ ወሰነች፤ ከዚያ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ አሳታሚዎቹ አንድ በአንድ ከድርጅቱ ጋር በስምምነት ጨረሱ።

ሁለቱ ወገኖች ሲከራከሩ ገዢውን የሚነካ አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው በሶፍትዌሩ ተወስኖ ነበር። ከስርጭቱ የተቀዳው ዘፈን ከመቀበያው ወጥቶ ወደ ሌላ ዕቃ አይሄድም፤ ደንበኝነቱ ሲቋረጥም አይከፈትም። ሕግ ገና ያልወሰነውን ሶፍትዌሩ አስቀድሞ ወስኖታል ማለት ነው።

ሕጎቹ ራሳቸው በሁሉም አገር አንድ አይደሉም። የኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሰው ከታተመ ሥራ ለግል ጥቅሙ አንድ ቅጂ እንዲያዘጋጅ ይፈቅዳል፤ የኮምፒውተር ፕሮግራምን ግን ከዚህ ያወጣዋል። የእስራኤል የ2007 የቅጂ መብት ሕግ ደግሞ ለግል ጥናት፣ ለምርምር፣ ለሂስና ለዜና ዘገባ ለመሳሰሉት ተገቢ አጠቃቀምን ይፈቅዳል። በተቃራኒው በኩል ነፃ የሶፍትዌር ፈቃድ የሚባል አለ። አንድሮይድ ስልክ ውስጥ ያለው ሊነክስ በዚህ ዓይነት ፈቃድ የተሰጠ ነው፤ ማንም ሰው ፕሮግራሙን ማየት፣ ማስተካከልና ለሌላ ማስተላለፍ ይችላል። ስለዚህ ፈቃድ ሁሉ መዝጊያ አይደለም። ዋናው የተጻፈበትን ማወቅ ነው።

በቤታችን

ዛሬ ሳተላይት ሬዲዮ ያለው ቤት ጥቂት ነው። ነገር ግን የአማርኛ ፊልም የሚያሳይ ሳጥን፣ በወር የሚከፈልበት የሙዚቃ አፕሊኬሽን፣ ፎቶ የሚያስቀምጥ አገልግሎት በየቤቱ አለ። ለወላጆቻችን ውል ስናነብ ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። መክፈል ቢያቆሙ ዕቃው ምን መሥራት ይችላል? ድርጅቱ ቢዘጋስ? ያስቀመጡትን ነገር ወደ ሌላ ቦታ ማውጣት ይችላሉ? ሻጩ በግልጽ ካልመለሰ ፊርማው ይቆይ።

የእስራኤል የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ከ1981 ጀምሮ አለ። በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተደረገን ግዢ በአብዛኛው በ14 ቀን ውስጥ መሰረዝ ይቻላል። ገዢው ዕድሜው 65 የሞላ፣ አካል ጉዳተኛ ወይም ወደ አገሪቱ ከገባ 5 ዓመት ያልሞላው አዲስ ገቢ ከሆነና ከሻጩ ጋር ንግግር ከነበረ ጊዜው 4 ወር ነው። አያቶቻችን ላይ በስልክ ለሚጫን ደንበኝነት ይህ ትልቅ መከላከያ ነው። ሊቀዳ ወይም ሊባዛ የሚችል ዕቃ ግን ዋናው ማሸጊያው ከተከፈተ በኋላ ይህ የመሰረዝ መብት ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ ሶፍትዌር ያለበትን ፓኬት ከመቅደድ በፊት መጠየቅ ይሻላል።

የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። የቄሶቻችን የግዕዝ ጸሎት፣ የአያቶቻችን የሱዳን መንገድ ታሪክ፣ የሲግድ ዜማ በየስልካችን ተቀድቶ አለ። ይህ የተገዛ ድምፅ አይደለም። ግን በአንድ አፕሊኬሽን ውስጥ ብቻ ካለ ዕጣው የዚያ አፕሊኬሽን ዕጣ ይሆናል። እንደ ኤምፒ3 ወይም ዌቭ ባለ ማንኛውም መሣሪያ በሚከፍተው ፋይል አውጥተን ቢያንስ ሁለት ቦታ እናስቀምጠው። ኢየሩሳሌም ያለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትም የድምፅ መዝገብ አለው።

ስንቀዳም እናስፈቅድ። ድምፁ የተናጋሪው ነው። አያታችንን «ይህን ቤተሰብ ብቻ ይስማው? ለተማሪዎችስ እናሰማው? ኢንተርኔት ላይ ይውጣ?» ብለን እንጠይቃቸው፤ ያሉትን በአማርኛ ጽፈን፣ መልሰን አንብበንላቸው፣ ከፋይሉ ጋር እናስቀምጠው። ይህም ፈቃድ ነው። ልዩነቱ ሰጪዋ በሚገባት ቋንቋ ሰምታ፣ ጠይቃ፣ ከፈለገችም እምቢ ብላ የሰጠችው መሆኑ ነው።