የሱፍ ፈትልና የትምህርት ቤት ትምህርት

የሱፍ ፈትል የበግ ጠጉርን በእንዝርት እያከረሩ ክር የማውጣት የእጅ ሥራ ነው። በሰሜን ሸዋ፣ በተለይም በመንዝ፣ በአብዛኛው ሴቶች ይፈትላሉ፤ ወንዶች ደግሞ ሸምነው ባናና በርኖስ ይሠሩበታል። ሥራው ለደጋው ብርድ መከላከያ ከመሆኑ በላይ፣ ተማሪ በመጽሐፍ የሚያገኛቸውን ብዙ ሐሳቦች በእጁ እንዲይዝ ያደርጋል። በሌሎች አገሮችም አንዳንድ መምህራን ነፍሳትን የሚመስል የዓሣ ማጥመጃ በማሠራት ሳይንስ ያስተምራሉ።

ፊዚክስ
የሱፍ ጭረት አጭር ነው። ሲከርር ግን ጭረቶቹ እርስ በርስ ይጨባበጣሉ፤ በመካከላቸው ያለው ሰበቃም እንዳይንሸራተቱ ይይዛቸዋል። ያልከረረ ሱፍ ሲሳብ የሚለያየው፣ የከረረው ግን የሚጠነክረው በዚህ ምክንያት ነው።

ኬሚስትሪ
ሱፍ ኬራቲን ከተባለ ፕሮቲን የተሠራ ሲሆን ድኝ አለበት። ስለዚህ ሲቃጠል እንደ ጠጉር ይሸታል። ጥጥ ግን ሴሉሎስ በመሆኑ የሚሸተው እንደተቃጠለ ወረቀት ነው።

ሒሳብ
ለምሳሌ 3 ሜትር ርዝመትና 80 ሳንቲ ሜትር ወርድ ላለው ጨርቅ በየሳንቲ ሜትሩ 4 ድርና 4 ማግ ቢታሰብ፣ 320 ድር በ3 ሜትር ሲባዛ 960 ሜትር ይሆናል። 1,200 ማግ በ0.8 ሜትር ሲባዛም 960 ሜትር ነው። ድምሩ 1,920 ሜትር ክር ነው። ክሩ በሽመና ጊዜ ስለሚታጠፍ በተግባር ከዚህ በላይ ያስፈልጋል።

ባዮሎጂና ኢኮኖሚ
በደብረ ብርሃን የበግ ማራቢያ ማዕከል የመንዝ በግ ከአዋሲ ዝርያ ጋር እንዲዳቀል ተደርጓል፤ ይህም ለዘር ውርስ ትምህርት ቅርብ ምሳሌ ነው። በ1957 ዓ.ም. የተቋቋመው የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ደግሞ የእጅ ሥራንና የማሽን ምርትን ለማነጻጸር ያገለግላል።

ሙያና ክብር
በኢትዮጵያ ሸማኔ፣ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ለረጅም ጊዜ ሲናቁ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። ፈትል ብቻውን ፊዚክስን አያስተምርም፤ መምህሩ ጥያቄውን ማንሳትና ለሐሳቡ ስም መስጠት አለበት። እናት ሰበቃ የሚለውን ቃል ሳታውቅ አሠራሩን ታውቃለች፤ ልጅ ቃሉን በቃል ሸምድዶ አሠራሩን ሳያውቅ ሊቀር ይችላል። ሁለቱ ሲገናኙ ትምህርቱ ይጸናል፤ ልጁም የቤቱ ሙያ ዕውቀት መሆኑን ይረዳል።