ብረትም ይደክማል

ሽቦን ወዲያና ወዲህ ደጋግመው ቢያጥፉት ይሰበራል፤ ይህ የብረት ድካም ይባላል። የጄት ሞተር የተርባይን ምላጭ ግን ድካሙ ድርብ ነው፤ ይሳባል፣ ይጨመቃል፤ በዚያው ላይ ሞተሩ በተነሣ ቍጥር ይግላል፣ በቆመ ቍጥር ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በቤተ ሙከራ ናሙናውን በኤሌክትሪክ እያጋሉና እያቀዘቀዙ በመሣሪያ ይስቡታል፣ ይጨምቁታል፤ እስኪሰነጠቅም ዙሩን ይቈጥራሉ።

ምስጢሩ ጊዜው ላይ ነው። እንደ ጋለ ሲሳብ የብረቱ ቅንጣቶች ከመጋጠሚያቸው ሊላቀቁ ይችላሉ፤ ግሎ ሲጨመቅና ቀዝቅዞ ሲሳብ ግን በላዩ የሠራው የኦክሳይድ ቅርፊት ይሰነጠቅና ስንጥቁ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። እንግዲህ ሙቀትንና ኀይልን ለየብቻ መፈተን አይበቃም፤ ባንድነት የሚፈተኑበት ዓለም አቀፍ ደንብም እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቷል።

ይህ የመሐንዲሶች ጉዳይ ነው የምትሉ ወንድሞችና እኅቶች፣ ተሳፋሪዎቹ እኛ መሆናችንን አትርሱ።