«እራት በልተሃል?»

የፈተና ውጤት በሚነገርበት ሰሞን በጦር ሠፈር ያለው ጸጥታ ከወትሮው የተለየ ነው። ቡና በጋራ የሚጠጣበት ደጅ ጭር ይላል። ልጁ ያለፈለት ቤተሰብ ጎረቤቱን ላለማስከፋት ደስታውን ይሸሽጋል፤ ልጁ የወደቀበትም በሩን ገርበብ አድርጎ ይቀመጣል። እኛም የዚህ ዓምድ አዘጋጆች በእንዲህ ባለ ሰሞን ከአንድ የሃምሳ አለቃ ቤት ጎራ ብለን ነበር። ባለቤቱ ቡናውን እየቆሉ ያጫወቱንን ለአንባቢያን ማካፈል ወደድን።

«ልጄ የ12ኛ ክፍል ውጤቱን ካየ በኋላ ሦስት ቀን ከኛ ጋር ገበታ አልቀረበም» አሉን። «ጋቢውን ተከናንቦ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አባቱ ከግዳጅ ቦታው ሲደውል አላነጋግርም አለኝ። ባለቤቴም ‹ስልኩን ከጆሮው ላይ አድርጊለት› አለ። እኔ ቁጣ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ‹ልጄ፣ እራት በልተሃል?› ብቻ አለው። ልጁ አለቀሰ። የዚያን ዕለት ማታ በላ።»

ይህች አጭር ጥያቄ ብዙ አሳሰበችን። ለመሆኑ ልጆቻችን ከአንድ የፈተና ወረቀት ጋር ምን ያህል ታስረዋል? ፈተናውስ የሚለካው ምንድን ነው?

እንደሚታወቀው ብሔራዊ ፈተና በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። «ሚኒስትሪ» እና «ማትሪክ» የሚሉት ቃላት በየቤቱ ሲፈሩና ሲከበሩ ኖረዋል። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ቢቀርም፣ ልጆቻችን የ6ኛ፣ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ፈተናዎች ይጠብቋቸዋል። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ በመውጣቱ ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱ ይታወሳል። መኮራረጅም ሥር እየሰደደ ሄደ። በዚህም ምክንያት የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ወደየዩኒቨርሲቲው ተጓጉዘው በዚያው እያደሩ እንዲፈተኑ ተደረገ።

ውጤቱ አገርን ያስደነገጠ ነበር። ፈተናውን ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ ገደማ፣ ማለትም 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ የሚሆኑት አለፉ።

ከዚህ ላይ ወታደር የሆነ አንባቢ ከሙያው ተነሥቶ እንዲያስብ እንጋብዛለን። በዒላማ ተኩስ ልምምድ ከመቶ ሰው አንዱ ቢስት አሠልጣኙ ያንን ሰው ያርመዋል። ከመቶው ዘጠና ሰባቱ ቢስቱ ግን ብልህ አሠልጣኝ ተኳሾቹን በመውቀስ ብቻ አይመለስም፤ የመሣሪያውን ማነጣጠሪያ ያስመረምራል፣ የሥልጠናውን ጊዜና ይዘት ይጠይቃል። ፈተናው ኩረጃን ማስቀረቱ መልካም ነው፤ የተደበቀውን ድካም ገልጦ አሳይቷል። ሆኖም የመጻሕፍት እጥረት፣ የክፍል መጨናነቅና የመምህራን ችግር ለዓመታት የተጠራቀመበትን ትምህርት ቤት ሸክም አንድ የ18 ዓመት ልጅ ብቻውን ሊሸከመው አይገባም። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ወላጅም ምሳሩን ይዞ ከተነሣ ልጁ ወዴት ይጠጋል?

የሠራዊት ልጅ ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለበት። አባት ሲዛወር ልጅም በዓመቱ አጋማሽ ትምህርት ቤት ይለውጣል። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በየአካባቢው ቋንቋ ስለሚሰጥ፣ በአንዱ ክልል በአማርኛ ሲማር የቆየ ልጅ በሌላው በአዲስ ቋንቋ ሊጀምር ይችላል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ደግሞ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ አንድን ጥያቄ ሳይመልስ ቢቀር፣ ትምህርቱን አለማወቁ ይሁን ቋንቋው አልገባው ብሎ ወረቀቱ ለይቶ አይናገርም።

ስለዚህ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ፣ ዝውውር ሲመጣ ከዕቃው መጫን በፊት የልጁ መሸኛና የውጤት ማስረጃ ይያዝ፤ በአዲሱ ትምህርት ቤትም መምህሩን አግኝቶ ልጁ ከየት ላይ እንደደረሰ መንገር ይገባል። ሁለተኛ፣ ጥናት ለፈተና ሰሞን ብቻ የሚቀር ዘመቻ መሆን የለበትም፤ በየማታው ከሥራ ነጻ የሆነ አንድ ሰዓትና ጸጥ ያለ ጥግ ይሰጠው። ለፈተና በተቃረበ ሌሊት ደግሞ ከእንቅልፍ የሚበልጥ መድኃኒት የለም። ሦስተኛ፣ ከሩቅ የሚደውል አባት «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለቱ በፊት «ዛሬ ምን ተማርክ? ምንስ ከበደህ?» ብሎ ይጠይቅ።

ውጤቱ ዝቅ ቢል በር ሁሉ አልተዘጋም። የማለፊያውን ነጥብ ላላገኙ፣ ነገር ግን ለተጠጉት፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ «ሬሜዲያል» የሚባለው የማካካሻ ትምህርት ተከፍቷል። በግል ተመዝግቦ እንደገና መፈተንም አለ። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናም የተሸናፊ መጠጊያ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ የሠራዊቱን ተሽከርካሪ የሚያንቀሳቅሰው፣ የመገናኛ ሬዲዮኑን የሚጠግነው እጅ በሙያ የሠለጠነ እጅ መሆኑን ከኛ ይበልጥ የሚያውቅ የለም።

ወይዘሮዋን ስንሰናበት ልጃቸው ከጓሮ ውሃ ቀድቶ ሲገባ አየነው። ዘንድሮ በግል ሊፈተን ተመዝግቧል። ያልፍ እንደሆነ እንጃ። እናቱ ግን «ማለፉን እሱና ፈጣሪ ያውቃሉ፤ እኔ ከገበታዬ አይጉደል እንጂ» ብለው ሸኙን።