እጄ የማይደርስበት ፊት

የምተዳደረው ያረጁ ፎቶዎችን በማደስ ነው። ወደ እኔ የሚመጣው አብዛኛው የሟች ጉርድ ፎቶ ነው፤ ከመታወቂያ ላይ የተላጠ፣ ማኅተም ያረፈበት፣ ቦርሳ ውስጥ ታጥፎ የከረመ። ቤተሰብ «ኮት አልብስልን፤ ፊቱንም ፈካ አድርግልን» ይለኛል። ሳሎን የሚሰቀል ከሆነ ደስ ብሎኝ አደርገዋለሁ። በዘር ማጥፋት ላለቁ ሰዎች መታሰቢያ የሚውል ከሆነ ግን የወረቀቱን ስንጥቅ እደፍናለሁ እንጂ ፊቱን አልነካም።

በዚህ የምጸናው በምክንያት ነው። ካምቦዲያን ይገዙ የነበሩት ክመር ሩዦች ፕኖም ፔን ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ወደ እስር ቤት ለውጠው ነበር፤ ዛሬ የቱኦል ስሌንግ ሙዚየም ነው። እስረኛ ሲገባ ቁጥር ተለጥፎበት ፎቶ ይነሳል፣ ይሰቃያል፣ ከዚያም ይገደላል። አገዛዙ እ.ኤ.አ. በ1979 ሲወድቅ በሺዎች የሚቆጠሩ ኔጋቲቮች ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ከእነዚህ ፎቶዎች የተወሰኑትን ቀለም ቀባ፤ አንዳንዶቹንም ፈገግ አሰኛቸው። የካምቦዲያ ባህል ሚኒስቴር ተቆጣ፤ ፎቶዎቹም ከወጡበት ድረ ገጽ ተነሱ።

ቀለሙን ይቅር ልል እችል ይሆናል፤ ፈገግታውን ግን በፍጹም! ያ እስረኛ ፊት ለፊት የሚያየው አሳሪዎቹን ነው። ፊቱ ላይ ያለው ድንጋጤ ወይም ቁጣ ራሱ የሰጠው የመጨረሻ ቃል ነው፤ ማን ይሰርዘዋል?

የገዳይ ካሜራ ያነሳው ብቻ ሲቀር ደግሞ ሌላ ሐዘን አለው፤ ሰው እንደ እስረኛ ብቻ ይታወሳል። በሩዋንዳ ኪጋሊ፣ ጊሶዚ ላይ እ.ኤ.አ. በ2004 በተከፈተው የዘር ማጥፋት መታሰቢያ የተሰቀሉት ከቤተሰብ የተሰበሰቡ ፎቶዎች ናቸው፤ ሰዎቹ በሕይወት ሳሉ የሚወዷቸው ያነሷቸው። በልጆቹ ክፍል ከፎቶው ጋር ልጁ የሚወደው ምግብና እንዴት እንደተገደለ ተጽፏል። እኔ በየትኛውም ብሩሽ የማላመጣውን ሕይወት እነዚያ ጥቂት መስመሮች ያመጡታል።

በእኛም አገር የደርግ ባለሥልጣናት በ1999 ዓ.ም. በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ተብለዋል። የቀይ ሽብር ሰለባዎች ፎቶ መስቀል አደባባይ ባለው ሙዚየም ግድግዳ ላይ ይታያል። በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ያሉትን ግን «ይህ እገሌ ነው» የሚሉ እናቶችና እህቶች እያለፉ ነው። ስለዚህ ፎቶ ይዞ የሚመጣን ሁሉ አጥብቄ እለምናለሁ፦ ስሙን፣ ሰፈሩን፣ የሚወደውን ነገር ከጀርባው በለስላሳ እርሳስ ጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፊት ያልፋል። እኔም ከመንካቴ በፊት እንዳለ ስካን አድርጌ፣ ያልተነካውን ቅጂ ከታደሰው ጋር አስረክባለሁ።