«ጭስ የለውም» እያለ 16 ዓመት ያኘከው ሾፌር ትምባሆን እንዴት ተወ?

ጠርሙሱ ሁሌም ከሾፌሩ መቀመጫ ስር ነው የሚቀመጠው። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ፣ ክዳኑ ጥብቅ ያለ። አንድ እሁድ መኪናው ሰፈር ቆሞ ሳለ የ4 ዓመት ልጁ ጋቢና ውስጥ ስትጫወት አገኘችው። ቡናማው ፈሳሽ ኮካ መስሏት ክዳኑን ልትከፍት ስትታገል እናቷ ደረሰች። ኮካ አልነበረም። አባቷ ከሞያሌ ሐዋሳ ሌሊቱን ሲነዳ የተፋው የትምባሆ ምራቅ ነው።

«እዛች ላይ ነው የደነገጥኩት» ይላል። «ግን በማግስቱ የተውኩ እንዳይመስልህ። ከዛ በኋላ ራሱ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቴም ተመልሻለሁ።»

ስሜ ይቅር ስላለኝ ሰፈር ውስጥ እንደምጠራው ጋሼ እለዋለሁ። 43 ዓመቱ ነው፣ ከረዳትነት ጀምሮ የሞያሌ መስመር ነው ያሳደገው። ትምባሆ ማኘክ የጀመረው በ26 ዓመቱ ነው። ከተወ አሁን 14 ወር ሆኖታል።

ስለ ሲጋራ ብዙ ይባላል። ስለ ሺሻና ስለ ጫትማ በየቀኑ ነው። አፍ ውስጥ ስለሚወሸቀው ትምባሆ ግን ብዙም ሲወራ አልሰማም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አይሸትም፣ አይጨስም፣ ከንፈር ስር ተደብቆ ሰው ፊት ይዋላል። ጋሼ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ሚስቱ እንኳ አታውቅም ነበር። የማይታይ ሱስ ደግሞ ስትይዘው ማንም አይቆጣህም፣ ልትተወው ስትል ግን ማንም አያግዝህም። የእሱ ትልቁ ችግር ይሄ ነበር።

የሞያሌን መስመር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በቦረና ትምባሆ የክብር ዕቃ ነው፤ ልጅ ለመጠየቅ ሲኬድ ቡናና ትምባሆ ተይዞ ይኬዳል። ታምቦ ይሉታል። የሚያኝኩት ሰዎች ብዙ ጊዜ ማጋዶ ይጨምሩበታል። ማጋዶ ማለት ሶዳ ያለበት የምድር ጨው ነው። እዛው አካባቢ ከዱብሉቅ ወጣ ብሎ ኤል ሶድ የሚባል እሳተ ገሞራ የፈጠረው ጉድጓድ አለ፣ ከታች ያለው ሐይቅ ውስጥ ሰዎች ገብተው ጥቁር ጨው እያወጡ በአህያ ወደ ላይ ያመጣሉ። (አጋጣሚውን ያገኘ ሄዶ ይየው፣ ቁልቁለቱ ግን ቀልድ አይደለም።)

ጋሼ ማጋዶው ለጣዕም ይመስለው ነበር። እኔም እንደዛ ነበር የመሰለኝ። ነገሩ ወዲህ ነው። ኒኮቲን አሲድ ውስጥ ሲሆን በድድ ቆዳ ማለፍ ያቅተዋል። ሶዳ፣ አመድ ወይም ኖራ ሲቀላቀልበት ግን አሲዱ ይሸነፋል፣ ኒኮቲኑም በድድና በጉንጭ ስስ ቆዳ ሰተት ብሎ ደም ውስጥ ይገባል። ይህን ዘዴ ያወቀው ቦረና ብቻ አይደለም። ሱዳኖች ቱምባክ የሚሉትን ትምባሆ በአትሮን ያሹታል። የመንና ጂዛን ውስጥ ሸማ የሚባለው ደግሞ ኖራ ወይም አመድ አለበት፤ ሳውዲ ቆይታችሁ የመጣችሁ ስሙን ሳትሰሙት አትቀሩም።

ሲጋራ ሲጨስ ኒኮቲኑ ጭንቅላት ለመድረስ ሴኮንዶች ይበቁታል፣ ቶሎም ይወርዳል። ከንፈር ስር ያለው ግን ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፣ ከፍ ካለ በኋላም ረዘም ላለ ጊዜ እዛው ይቆያል። ከደም የሚገኘው የኒኮቲን መጠን ከአጫሽ የማያንስ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «እኔ አላጨስም እኮ» የሚል ሰው ሱሱ ከአጫሽ ያነሰ ነው ማለት አይደለም።

ጉዳቱስ? እውነቱን እንነጋገር። ጭስ ስለሌለው ሲጋራ ሳንባ ላይ የሚያደርሰውን አያደርስም። ይሄ ውሸት አይደለም። ግን የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ጭስ አልባ ትምባሆን ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ተርታ መድቦታል። የአፍ፣ የጉሮሮ ቧንቧና የቆሽት ካንሰር ያመጣል። ቅጠሉ ውስጥ ካንሰር የሚያመጡ ቢያንስ 28 ንጥረ ነገሮች ተለይተዋል። ከዛ በፊት የሚመጣው ደግሞ ድድ መሸሽ ነው። የጋሼ ሁለት የታች ጥርሶች ሥራቸው ወጥቶ ይታያል፣ ሁልጊዜ የሚወሽቅበት ቦታ ላይ። የሸሸ ድድ ብትተወውም ተመልሶ አይበቅልም።

ወደ ሙከራዎቹ ልምጣ።

የመጀመሪያው በዓቢይ ጾም ነበር። «ጾሙን ካለፍኩ ቀረ ማለት ነው» ብሎ ነበር። ለንስሐ አባቱ እንኳ አልነገራቸውም፤ በኦርቶዶክስ ቤት ትምባሆ ምን ያህል ነውር እንደሆነ ታውቃላችሁ። አጤ ዮሐንስ የሚያጨስን ከንፈሩን፣ ሱረት የሚስብን አፍንጫውን ያስቆርጡ ነበር ይባላል። እሱም ነውሩን ፈርቶ ብቻውን ጀመረው፣ ብቻውን ወደቀ። ዘጠነኛው ቀን ላይ፣ ማታ፣ ያቤሎ።

ሁለተኛው «ቀስ በቀስ እቀንሳለሁ» ነው። ሲያስበው መቀነሱ ራሱ ቀኑን ሙሉ ስለ ትምባሆ እንዲያስብ አደረገው። ሦስተኛው ከሁሉም የባሰው ነው፤ ትምባሆውን በጫት ልተካ አለ። ጫቱ ሲጀመር አፉ የለመደውን ጠየቀ፣ በአንድ ሳምንት ሁለቱም አብረው ሆኑ።

እዚህ ላይ የኒኮቲንን አሠራር ብታውቁት ይጠቅማል። ደም ውስጥ ካለው ኒኮቲን ግማሹ የሚወጣው በ2 ሰዓት ገደማ ነው። ስምንት ሰዓት ከተኛህ ጠዋት የቀረህ ከአሥራ ስድስት አንድ እጅ ነው። ጠዋት የመጀመሪያዋ ጉርሻ እንደዛ የምትጣፍጠው ለዚህ ነው። ጭንቅላት ውስጥ ኒኮቲንን የሚቀበሉ በሮች አሉ በሉ። ለዓመታት ስትጠቀም በሮቹ ይበዛሉ። ኒኮቲኑ ሲቋረጥ ሁሉም ባዶ ሆነው ይንጫጫሉ። «ትኩረት ይሰጠኛል፣ ያነቃኛል» የምንለው አብዛኛው ነገር ታዲያ የበሮቹ ጩኸት ለጊዜው ጸጥ ማለቱ ነው። ትምባሆው የሚያስታግሰው ራሱ ያመጣውን ራስ ምታት ነው ማለት ይቻላል።

ጥሩው ዜና ጩኸቱ ቀን የተቆረጠለት መሆኑ ነው። በአብዛኛው ሰው ላይ የሚብሰው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው፤ ንዴት፣ ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የማይጠግብ ረሃብ። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ እየረገበ ይሄዳል። ከዛ በኋላ የሚመጣው አምሮት የቦታና የልማድ ነው። አንድ አምሮት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከደቂቃዎች አያልፍም።

ጋሼ ይሄን ቁጥር ማንም አልነገረውም። አራተኛው ሙከራ የተሳካለት ግን ሳያውቀው ከቁጥሩ ጋር ስለገጠመ ነው። የመኪናው ሞተር ወርዶ ጋራዥ 12 ቀን ቆመ። መንገድ የለም፣ ሌሊት መንዳት የለም፣ ዱብሉቅ የለም። «ያኔ ካልሆነ መቼም አይሆንም» አለ። በዚህኛው ግን ለሚስቱና ለረዳቱ ነገራቸው። ለሷ «ለሦስት ቀን የምናገረውን አትቁጠሪብኝ» ብሏታል።

«ሁለተኛው ቀን ላይ ሻዩ ቀዘቀዘ ብዬ ጮህኩባት» ይላል እየሳቀ። «ሻዩ ይፋጅ ነበር።»

በነገራችን ላይ ይሄ የ12 ቀን ነገር ለሾፌር ቅንጦት አይደለም። እንቅልፍ አጥቶ፣ ትኩረቱ ተበትኖ በሦስተኛው ቀን ተሳቢ ይዞ መውጣት ለራሱም ለመንገደኛውም አደጋ ነው። የምትተውበትን ቀን መምረጥ የምትችሉ ከሆነ ሥራ የሚቀልበትን ምረጡ።

አፉስ? አፍ ባዶ ሲሆን ያብዳል። አሜሪካኖች በዚህ ጊዜ የሱፍ ፍሬ ይቆረጥማሉ። ጋሼ የያዘው መፋቂያ ነው። ቀኑን ሙሉ ከአፉ አይወጣም ነበር፣ አሁንም ጋቢና ውስጥ እንደ እስክሪብቶ ተደርድሮ አይቻለሁ። ቆሎም ይይዛል። መንገድ ላይ አምሮት ሲመጣበት ደግሞ ዳር ይዞ ይወርድና ብረት ይዞ ጎማ እየመታ ይዞራል። «22 ጎማ መትቼ ስጨርስ አልፎልኛል» ነው የሚለው። ያየው ሰው ጠንቃቃ ሾፌር ይለዋል።

መድኃኒትስ የለውም ወይ ለምትሉ፣ አለው። የኒኮቲን ማስቲካና የቆዳ ልጥፍ ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ናቸው። ለሚታኘክ ትምባሆ ያላቸው ማስረጃ ለሲጋራ እንዳለው ያህል ጠንካራ አይደለም፣ አምሮቱን ለማብረድ ግን ያግዛሉ። እኔ ሰፈሬ ያሉ ሦስት ፋርማሲዎች ጠይቄ አንዱም ጋ አላገኘሁም። ብታገኙት እንኳ እርጉዝ የሆነች ወይም የልብ ችግር ያለበት ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ አይጀምር። ሌላው የሠራ ነገር ምክር ነው፤ ቁጭ ብሎ መቼ፣ የት፣ ከማን ጋር እንደምትወስድ ከሚጠይቅህ ባለሙያ ጋር ማውራት። ጋሼ ይሄን ያደረገው ከረዳቱ ጋር ነው፣ ተሳቢ ስር ተቀምጠው።

«ይሄ የሾፌርና የአርብቶ አደር ነገር ነው» ብላችሁ ልታልፉት ከሆነ ቆይ። ስኑስን ታውቁታላችሁ? ጄሚ ቫርዲ በ2016 ስኑስ ይዞ ፎቶ የተነሳ ጊዜ ብዙ ተወርቷል፣ በመጽሐፉም ላይ ራሱ ጽፎታል። እንግሊዝ ውስጥ በ2024 በወጣ ጥናት ከአምስት ፕሮፌሽናል ተጫዋች አንድ ያህሉ ስኑስ ወይም የኒኮቲን ከረጢት እንደሚጠቀም ተናግሯል። ስኑስ ራሱ ከስዊድን በስተቀር በአውሮፓ ኅብረት አገሮች መሸጥ የተከለከለ ነው። ነጩ ከረጢት ቅጠል የለውም፣ ኒኮቲኑ ግን ያው ኒኮቲን ነው። የአዝሙድና ጣዕም ስላለው ማስቲካ ይመስላል። ጋሼም ሲጀምር «ጭስ የለውም» ብሎ ነው የጀመረው። ለነገሩ በእኛ አገር በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 መሠረት ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ትምባሆ መሸጥ ክልክል ነው። ሕጉ አለ፣ የሚጠይቅ ሻጭ ግን እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም።

አሁን የምታኝኩ ካላችሁ አንድ ነገር ዛሬ ማታ አድርጉ። የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ በመስታወት ከንፈራችሁን ገልብጡና የምትወሽቁበትን ቦታ እዩት። ነጭ፣ የተሸበሸበ ቆዳ ልታገኙ ትችላላችሁ። ይሄ ሁልጊዜ ካንሰር ማለት አይደለም። የአሜሪካ አየር ኃይል ምልምሎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በሥልጠናው ምክንያት ለስድስት ሳምንት ትምባሆ ከከለከሏቸው በኋላ ከሞላ ጎደል የሁሉም ነጭ ምልክት ጠፍቷል። የጋሼም በሁለተኛው ወር ጠፍቶለታል። ግን ቁስል ሆኖ ከሁለት ሳምንት በላይ የማይድን፣ ወይም ቀይ የሆነ፣ ወይም እብጠት ያለው ነገር ካያችሁ ቤት ውስጥ በጨው ውኃ እየተጉመጠመጣችሁ አትቆዩ። የጥርስ ሐኪም ይየው። የዋጣችሁም የተፋችሁም ጠርሙስ ካለ ደግሞ ልጅ ከማይደርስበት አርቁት፤ ኒኮቲን ለሕፃን መርዝ ነው፣ ከጠጣ በቀጥታ ሐኪም ቤት ነው።

መኪናው ከጋራዥ ከወጣ በኋላ የመጀመሪያው ጉዞ ከባድ ነበር። ዱብሉቅ ላይ ለዓመታት ትምባሆ የሸጠችለት ሴት አለች። መኪናውን ከሩቅ አይታ አዘጋጅታ ጠበቀችው። «አልቆምኩም። ሜጋ ደርሼ ነው ያረፍኩት» ይላል። ለሁለት ወር እንደዛ ሳይቆም አለፈ። ከዛ አንድ ቀን ቆመና ወተት ገዛት። አሁንም ከሷ የሚገዛው ወተት ነው፣ እሷም በየጊዜው ትምባሆውን እያሳየች ትስቅበታለች።

ረዳቱ ግን አሁንም ያኝካል። 20 ዓመቱ ነው፣ የለመደውም እሱን አይቶ ነው። ጋሼ ስለ ማቆም አይጨቀጭቀውም፤ «እኔን ጨቅጭቀውኝ ቢሆን እደብቀው ነበር» ይላል። ሃይላንዱን ብቻ ጋቢና ውስጥ እንዳያስቀምጥ ከልክሎታል። ባለፈው ሳምንት መፋቂያ ሲገዛ ሁለት እስር ነው የገዛው።